በእኔ እጅ ታሞ የማያውቅ ሞተር

ጥቅምት 12

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ፤ ተቀምጠህ ከሆነም አንድ ነገር ተደገፍ። ለሦስት ዓመት ከስምንት ወር ያለ ዕረፍት ያገለገለችን የጀልባችን የውሃ ፓምፕ ጎማ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አሥራ አንድ ተሳፋሪና አንድ ብስክሌት እንደጫንን፣ ወዲህም ወዲያም ዳር በማይቀርብበት መሀል ውሃ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቷን በጥልቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ። ሟቿ ከመዳፍ አትበልጥም ነበር። ስድስት ክንፍ ነበራት፤ ሁለቱ ተገኝተዋል፣ አራቱ በመፈለግ ላይ ናቸው።

ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ፤ ሐዘን ግን ወረፋ አይጠብቅም። እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች፤ የሰላምታዋ ግማሽ «ለምን አይደውልም» የሚል ስለነበር እሱን ቆርጬ አስቀርቼዋለሁ። ፈጣሪ የምትረግጠውን ያደላድልልህ፤ የያዝከውን መፍቻ ከመንሸራተት ይጠብቅልህ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ጎማዋ ከሌለች ፓምፑ ውሃ አይስብም፤ ውሃ ካልተሳበ ሞተሩ ይግላል። ስለዚህ ጀልባችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ታስራ ትውላለች፣ መንገደኛውን ነፋሱ ያሻግረዋል። ነፋሱን አታውቀውም። አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ባለ ጀልባ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው በፍጥነቱ ይሁን በወሬው እስካሁን አልተጣራም። ከደረጃው አጠገብ ያለውን የእኛን ማቆሚያ ቦታ አያቱ የተናዘዙለት ይመስል ቆሞ ያየዋል።

የጀልባ ባለቤቶች ማኅበራችን ደግሞ አንቀጽ ሰባት የሚባል አለው፦ «ከሥራ የወጣ ጀልባ እስከ ግንቦት ሠላሳ ድረስ ሦስት ምስክሮች ባሉበት በራሱ ሞተር ካልተሻገረ ማቆሚያ ቦታውን ያጣል» ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ በነበርኩ ጊዜ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ለሌላ ሰው ብዬ።

የአባትህን ሞተር በተመለከተ ግን ልብህ ይረፍ። አንተን በሸኘንህ ቀን እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ ብዬህ ነበር፤ ጠብቄዋለሁም። በእኔ እጅ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም። ጎማዋን እንደ በሽታ እንዳትቆጥርብኝ፤ ጎማ የሞተር አካል አይደለም፣ ጫማው ነው። አንተ አሮጌ ጀልባ በሚፈታበት ግቢ የምትሠራ ሰው ነህና እንዲህ ያለችውን ጎማ እንደ ጠጠር ረግጠሃት ታልፋለህ። አንዲት ብቻ አንስተህ ላክልኝ። ገንዘብ አትላክ፤ ገንዘብ ውሃ አይስብም።

አጎትህ፣
የቀድሞ ዋና ጸሐፊ


ኅዳር 5

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። ሟቿን ነፍስ ይማር ልል ነበር፤ መደርደሪያው ላይ አሥራ ዘጠኝ እህቶቿ ተኮልኩለው ሳይ እንባዬ ደረቀ። ጤናዬ ደህና ነው፣ ሥራም አለ። እትዬን ሰላም ይበሉልኝ፤ የቆረጡት ግማሽም ደርሶኛል።

ጋሼ፣ ጎማ መላክ ቀላል ነው። የትኛዋን እንደምልክ ማወቅ ነው ከባዱ። እንደሚያውቁት ይህን ሞተር የሠሩት ሰዎች መሀል ላይ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። አሮጌውና አዲሱ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ቀለማቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ሳላቸው እንኳ አንድ ነው። ጭንቅላታቸውን ብንለዋውጠው አይኮራረፉም፤ የአሮጌው ቴስታታ አዲሱ ላይ ቢደፋ የራሱ ቤት ይመስል ይቀመጣል። ከአንገት በታች ግን አይተዋወቁም። ፓምፑ፣ ጎማው፣ የሚታሰርበት ብሎን፣ ሁሉም ለየብቻ ነው። እዚህ ግቢ ይህን ሳያጣሩ ዕቃ ወስደው በማግስቱ እየተሳደቡ የሚመለሱ ደንበኞች ሞልተዋል።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሞተሩ ጎን በሁለት ብሎን የተያዘች የናስ ሰሌዳ አለች። እሷ ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉልኝ። ቁጥሩን ብቻ።

አለቃዬ ከግቢው ዕቃ ሲወጣ ጥርሱን የሚያመው ሰው ነው። ሞተሩ የአባቴ እንደሆነ ስነግረው ግን፣ «ለአባትህ ሞተር ከሆነ ውሰድ፤ ለሌላ ከሆነ አልሰማሁም» አለኝ። እኔም ለሌላ ብረት ሰው አልለምንም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፎቶ መነሳት እንዳልወደደ ያለፈ ሰው መሆኑን ያውቃሉ። መልኩን የማይበት አንድ ወረቀት እንኳ የለኝም። የቀረኝ ያ ሞተር ነው።

እጅዎ አይዛል፤ ጀልባዎ ዳር አትቅር።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 29

ይድረስ ለብሎን ቆጣሪው የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምህ ይብዛ። ደጅህ እንግዳ እንጂ ከሳሽ አይምጣበት። ደብዳቤህ ደርሶን ለቤተሰቡ በንባብ ተሰምቷል።

የተጠየቀው ቁጥር ንባብ የተካሄደው እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሰሌዳዋን በሎሚና በአመድ ወልውዬ እንደ መስታወት አድርጌያታለሁ። መጀመሪያ እኔ አነበብኩ። ቀጥሎ ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። በመጨረሻ በያጁ ጎረቤታችን አነበበ፤ ምንም ነገር ብትጠይቀው «ችግር የለም» ስለሚል ስሙም ችግር የለም ሆኖ ቀርቷል። ሦስታችንም ያገኘነው አንድ ነው፦ 407118።

ሰሌዳዋ ሥራዋን የምታውቅ ሰሌዳ ናት። ንቅንቅ አትልም፤ ብሎኖቿን በገዛ እጄ ነው ያጠበቅኋቸው። ከእንግዲህ የቀረው ያንተ ፋንታ ነው። ነፋሱ ትናንት ቦታችንን በእርምጃው ሲለካ አይቼዋለሁ። አሥራ አራት እርምጃ ነው። እኔ ስለካው አሥራ ስድስት ነበር፤ ሰውዬው እግሩም ይዋሻል።

አጎትህ


ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሩ ጥርት ያለ ነው፤ ሞተሩ አሮጌው ለመሆኑ ጥያቄ የለውም። ጎማዋን በዚህ ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ያገኟታል። መሀሏ ላይ አንድ ስንጥቅ አላት፤ የፓምፑ ዘንግ ላይ ያለው ምላስ እዚያ ይገባል። ዓይን ተጨፍኖም ይገጠማል። ሲነሳ ድምፁን በስልክ ያሰሙኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 28

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። ገልጬም ሞከርኩ። አንዱን ጨፍኜ አንዱን ገልጬ ሞከርኩ።

ልጄ፣ እዚህ ያለው ዘንግ ምላስ የለውም። ጥርስ ነው ያለው። ዙሪያውን፣ ቆጥሬያለሁ፣ አሥራ ሁለት ጥርስ። የላክኸው ጎማ አንድ ስንጥቅ ይዞ መጥቶ አሥራ ሁለት ጥርስ ፊት ቆመ። ሙሽሪት ቀለበቷን ይዛ ስትመጣ ሙሽራው ጣት የሌለው ሆነ።

እኔ ላይ ምንም ጥፋት እንዳልተገኘ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ቁጥር ጠየቅህ፤ በሦስት ሰው አስነብቤ ላክሁ። ከዚያ ወዲያ የሆነው የሆነው በእናንተ ግቢ ነው። ምናልባት አለቃህ ከሳጥኑ የተሳሳተውን አንስቶ ሰጥቶህ ይሆናል። ምናልባትም አንተ ስታነሳ ወሬ ላይ ነበርክ። ችግር የለም መጥቶ አየና ስንጥቋን በጋለ ብረት አስፍቶ እንደሚያስገባት ነገረኝ። ጎማ በጋለ ብረት ሲነካ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። ምን እንዳለኝ ታውቀዋለህ።

አራት ወር ቀረን። ፈጣሪ ዓይንህን ያብራልህ፤ መደርደሪያውን ደግመህ እይ።

አጎትህ


የካቲት 16

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ። ወሬ ላይ አልነበርኩም። ብቻዬን ነው የምሠራው፤ ከጀልባ ጋር ካላወራሁ በቀር ወሬኛ የለኝም።

407118 ቁጥር ያለው ሞተር ዘንጉ ምላስ ነው ያለው። ሁሉም እንደዚያ ናቸው። አንዱ ለብቻው ጥርስ አያበቅልም። ጥርስ ካለው ፓምፑ ሌላ ነው ማለት ነው፤ ሰው ነክቶታል። ይቅርታ ያድርጉልኝና እጠይቅዎታለሁ፦ እኔ ከሄድኩ ወዲህ ይህን ሞተር የነካ ሰው አለ?

መልሱን እስክጠብቅ ጊዜ እንዳያልፍ ፓምፑን ሙሉውን ልኬልዎታለሁ፤ ከነጎማው፣ ከነዘንጉ፣ ከነጓርኒሲዮኑ፣ ማለት መሀሉ ላይ ከሚገባው ወረቀቱ ጋር። ያለውን ፓምፕ አውልቀው ይጣሉት፤ ይህን በአራቱ ብሎን ይሰሩት። አለቃዬ ሙሉ ፓምፕ ሲሰጠኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሰጠኝ። ለአባቴ ሞተር እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስምሎኛል።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 15

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለእኔማ ከየት ይመጣል።

ፓምፑ መጥቷል። የሚያምር ፓምፕ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነው ሦስት ቀን አየነው፤ ጎረቤት እየመጣ አመሰገነው። አራት ብሎን አለው። ሞተሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ሦስት ነው።

አራት እግር ያለው ወንበር ሦስት ቦታ ላይ እንዴት እንደሚቆም የሚያስረዳኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ችግር የለም አራተኛውን ቀዳዳ ልብሳ ብሎ ሞተሩ ላይ መሰርሰሪያ ይዞ ሲጎነበስ ከኋላ በቀበቶው ይዤ ነው ያስቀረሁት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ግን ገና እዚያ አልደረስኩም።

ሞተሩን የነካ ሰው አለ ወይ ላልኸው፣ የለም። ማን ይነካዋል? ሰው ሲቀርበው አስላለሁ። ባለቤቴ በዚህ መልስ ላይ ከጓዳ ሆና የሰጠችው አስተያየት በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ ወስኛለሁ።

ይልቅ የሚገርመኝ የእናንተ ግቢ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጀልባ እየፈታ የኖረ ሰው ሦስትና አራትን የማይለይ ከሆነ ያ ግቢ የሚፈታው ጀልባ ነው ወይስ የሰው ትዕግሥት? ይህን ያልኩት ተናድጄ ነው። ተናድጄ መሆኔን እወቅልኝና እንደ ስድብ አትቁጠረው። እንደ ምክርም አትቁጠረው።

ነፋሱ ሁለት ወር ተኩል ብቻ እንደቀረን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ቆጥሮ ነው የያዘው።

አጎትህ


ሚያዝያ 1

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሦስትና አራትን እለያለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን ቀድጃለሁ፤ ይህ የተረፈው ነው። በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ዕቃ ላክሁ፤ ሁለቱም ከቁጥሩ ጋር የሚስማሙ ናቸው፣ ሁለቱም ከሞተሩ ጋር አይስማሙም። ቁጥሩ እውነት ከሆነ ሞተሩ ይዋሻል። ሞተሩ እውነት ከሆነ ቁጥሩ ይዋሻል። ብረት ሲዋሽ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወሬ ይቅር። አባቴ ጓርኒሲዮን ሲቆርጥ ያደርግ የነበረውን ያድርጉ። ያለውን ፓምፕ ያውልቁ። ፓምፑ የሚቀመጥበትን የሞተሩን ፊት ይጥረጉ። ወፍራም ወረቀት ይለጥፉበት፣ አውራ ጣትዎን ጥቁር ቅባት ውስጥ ነክረው ወረቀቱን ከላይ ዳር እስከ ዳር ይሹት። የብረቱ ጠርዝና ቀዳዳው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። እሱን አጥፈው ይላኩልኝ። ወረቀት አስተያየት የለውም፤ ያረፈበትን ብቻ ነው የሚናገረው። እኔ እዚህ ከመደርደሪያው ጋር አስተያየዋለሁ።

ችግር የለም የሚባለው ሰው መሰርሰሪያ ይዞ ሞተሩ አጠገብ እንዳይደርስ። የአባቴ ሞተር ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ ቢወጣ አልምርም፤ እርስዎንም ጭምር። ይህን ያልኩት ተናድጄ ነው። እርስዎም እንዳሉት ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 17

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ነህ? እኛ ደህና ነን።

ወረቀቱን እነሆ። ባልኸው መሠረት ታሽቷል። አራት ቀዳዳ ወጥቶበታል፤ ቀድሞ ሦስት ያልኩት የቆጠራ ስህተት ነበር። ወገቤን ትንሽ ስላመመኝ ረጅም አልጽፍም፤ ከባድ ነገር አንስቼ ነው።

አንድ ችግር ተፈጥሯል። ጀልባችን የምትታሰርበትን ከውሃው ሥር ያለውን ክብደት ለጥገና ወደ ላይ አውጥቼው ነበር። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያወጣሁት። ነፋሱ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ የራሱን ድንጋይ ቦታችን ላይ ጣለ። ድንጋዩን እንዲያነሳ ስጠይቀው፣ «አንቀጽ ሰባት ያነሳዋል ወይ ያጸናዋል፤ አንቀጹን የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥሩ አማርኛ መጻፌን ጠልቼው አላውቅም።

ባለቤቴ ለልጁ ንገረው እያለች ነው። ምኑን እንደምነግርህ እሷው ታውቃለች። ቶሎ ላክ።

አጎትህ


ግንቦት 3

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ።

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሁለት ቀን አየሁት። አራት ቀዳዳ፣ ጠርዙ ትክክል፣ ልክ 407118 እንደሚለው። የላክሁት ፓምፕ እዚህ ብረት ላይ ቢደረግ እጅና ጓንት ይሆናል። ታዲያ ለምን አልሆነም?

እንዲያሹት ያልኩዎ በጥቁር ቅባት ነበር። የመጣልኝ ቀይ ነው። ዝገት ነው። ጥጉ ላይ አረንጓዴ ነገር ደርቆ ተጣብቋል፤ በጥፍሬ ፋቅሁት፣ የውሃ ሳር ነው። አጠገቡ የምስር ፍሬ የምታህል ቀንድ አውጣ ተጨፍልቃለች። ጋሼ፣ እዚህ ግቢ ስድስት ዓመት ሞተር ፈትቻለሁ። የአይጥ ጎጆ ያገኘሁበት አለ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያገኘሁበትም አለ። ቀንድ አውጣ ቤት የሠራችበት ሞተር ግን ሰው ሲያሻግር አላየሁም።

ከዚያ ደብዳቤዎችዎን በሙሉ አውጥቼ ደረደርኳቸው። አሥራ ሁለት ጥርስ። ሦስት ቀዳዳ። በገዛ እጅዎ የጠበቁ የሰሌዳ ብሎኖች። ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ያገለገለች ጎማ፤ ከዚያ በፊት የነበረችውስ? ለጥገና የወጣ ክብደት፤ ክብደት ምኑ ይጠገናል? የተበታተነ ብረት አይቶ ከየትኛው ሞተር እንደወጣ መናገር ነው እንጀራዬ። ለአምስት ወር ያልታየኝ ማየት ስላልፈለግሁ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት እኔን ነው።

በዚህ ሳጥን ውስጥ ያለችው ጎማ አሥራ ሁለት ጥርስ አላት። የአዲሱ ሞተር ናት። እዚያ ያለው ፓምፕዎ ደህና ነው፤ ሦስቱን ብሎን መልሰው ይሰሩት፣ እሷን ይክተቱ፣ ይሻገሩ።

አለቃዬን እውነቱን ነገርኩት። ለአባቴ ሞተር አይደለም አልኩት።

«ታዲያ ለማነው?» አለኝ።

«ለአጎቴ።»

መጥረጊያውን በሩ ላይ አስደገፈ። ከዚያ «እሱስ ያው አይደል?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የሆነውን አልጠየቅኩም። እንዲነግሩኝም አላስገድድም። አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ፦ ቀንድ አውጣዋ የነበረችበት ብረት አሁን የት ነው ያለው?

ወረቀቱን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ምን ካርታ ነው አለኝ። የአባቴ ፎቶ ነው አልኩት።

ለወገብዎ ያዝኑ፤ ከእንግዲህ ከባድ ነገር ብቻዎን አያንሱ። እትዬን ሰላም ይበሉልኝ። ትክክል ነበሩ።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 2

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

በቅድሚያ የተከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንዳታቋርጠኝ፤ በቅደም ተከተል ልናገር፣ አለዚያ ጨርሶ አልናገረውም።

ሳጥኑ ግንቦት 27 ደረሰ። ጎማዋ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ተገጠመች፤ ባለቤቴ ስትስቅ የባከነው ጊዜ ተጨምሮ ነው። ግንቦት 30 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ምስክሮች ተሳፈሩ፦ ፀጉር አስተካካዩ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛና ጫማ የምትሸጠው ሴትዮ። ነፋሱ ደረጃው ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር። ማስነሻ ሞተሪኖውን ስነካው ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለ፣ አንድ ጊዜ ተሳደበ፣ ከዚያ ተነሳ። ከኋላ ባለው ቱቦ ውሃ መትፋት ጀመረ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰው ውሃ ሲተፋ አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በአሥራ ሦስት ደቂቃ ተሻገርን፣ በአሥራ አራት ተመለስን። ነፋሱ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወጣ። ጀርባውን ስላመመው ችግር የለም ረዳው። ምን እያለ እንደረዳው አልነግርህም።

አሁን ወደ ጥያቄህ።

ብረቱ ያለው ማቆሚያ ቦታችን ሥር፣ ሦስት ሜትር ተኩል ውሃ ውስጥ ነው። ጀልባዋን አስሮ የያዛት እሱ ነው። አራት ዓመት አልፎታል። ለወረቀቱ ስል ከችግር የለም ጋር በገመድ ጎትቼ ያወጣሁት እሱን ነው፤ ሁለት ሰዓት ያልኩህም ያንን ነው። አንተ ወረቀት አስተያየት የለውም ስትል እኔ ወረቀቱን የማሳርፍበት ሌላ ብረት እንዳለኝ ትዝ አለኝ። ልክ አገኘሁ ብዬ ነበር። ሳሩን በጨርቅ ጠርጌዋለሁ። ቀንድ አውጣዋን አላየኋትም።

እንዴት እንደሆነም ልንገርህ፤ ባትጠይቅም። አንተ በሄድህ በሁለተኛው ዓመት ነፋሱ አዲስ ጀልባውን ይዞ መጣ። ደረጃው ሥር ቆሞ ሞተሩን ሲያስጓራ የአባትህን ሞተር እንዴት እንደሆነ ላሳየው ብዬ ዘልዬ ገብቼ አስነሳሁት። ውሃ የሚያስገባውን ቧንቧ ሳልከፍት። አባትህ ያችን ቧንቧ ሳይከፍት ቁልፉን ነክቶ አያውቅም፤ ለእኔም መቶ ጊዜ ነግሮኛል። መሀል ውሃ ላይ እንፋሎት ሲወጣ ፍጥነት መሰለኝ። ሲገባኝ ደንግጬ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ቀዝቃዛው ውሃ የጋለውን ብረት አገኘው። አንድ ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ሳህን ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት። ሞኖብሎኩ፣ ማለት የሞተሩ ዋና አካል፣ ከጎን እስከ ጎን ተተርትሮ ነበር።

ከተሰበረ የዓሣ ጀልባ አዲሱን ሞኖብሎክ አገኘሁ። የአባትህን ቴስታታ አወጣሁና ደፋሁበት። የአባትህን ክዳን አለበስኩት። ሰሌዳዋን ነቅዬ ጎኑ ላይ አሰርኩ። ከአንገት በላይ አባትህ ነው፣ ከአንገት በታች የሰው ነው። በየጠዋቱ ክዳኑን ሳይ ደህና አደርክ እለዋለሁ፤ ወደ ታች አላይም። መንገደኛው አላወቀም። ነፋሱም አላወቀም። እስካለፈው ሚያዝያ ድረስ ያወቀችው ባለቤቴ ብቻ ነበረች፣ አራት ዓመት ለልጁ ንገረው አለችኝ፤ እኔ ደግሞ አራት ዓመት ነገ አልኩ። ብነግርህ ከአባትህ የቀረህን ያን አንድ ነገር የገደልኩብህ ያህል ሆነብኝ። ስትጠይቀኝ ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ባንተ ላይ ነው ብዬ ጻፍኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይኸው ነው።

ያ ድንጋይ ቦታችን ላይ ሲጣል አንድ ነገር አሰብኩ። የአባትህ ሞተር መሥራት ካቆመ ወዲህም አንድ ቀን ጀልባዋን አልለቀቃትም። የለቀቃት እኔ ለውሸቴ ስል ባነሳሁት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ስትመጣ ገመዱን ይዤ አሳይሃለሁ። ውሃው ጥርት ሲል ከደረጃው ላይ ሆኖ ይታያል። እስከዚያ ጤና ይስጥህ፤ በመንገድህ ሁሉ ቧንቧው ቀድሞ ይከፈትልህ። ለአለቃህ ሰላም በልልኝ፤ ከግድግዳው ይመለስ።

አጎትህ፣
የቀድሞ ዋና ጸሐፊ

እርማት፦ በጥቅምት 12 ቀን በተላከው ደብዳቤ ላይ የአባትህን ሞተር በተመለከተ «በእኔ እጅ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም» ተብሎ የተገለጸው «በእኔ እጅ አንድ ቀን ታመመ፤ በዚያው ቀን ሞተ» ተብሎ ይነበብ። ስህተቱ የጸሐፊው ነው።